ጅራት የነበራት እንቁራሪት

ስለ እንቁራሪቶች ጥንታዊነት በቅርቡ ባነበብኩት ጽሑፍ ውስጥ «እንቁራሪት ከ250 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ምንም አልተለወጠችም» የሚለው አረፍተ ነገር አልተዋጠልኝም። ጽሑፉ ራሱ የጠቀሳት የማዳጋስካሯ ትሪያዶባትራኩስ፣ ማለትም የዚያ ዘመን እንቁራሪት መሰል ፍጥረት፣ ታፈርሰዋለች። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን፣ አጭር ጅራት ያላት፣ ከዳሌዋ በፊት 14 የጀርባ አጥንት የደረደረች ፍጥረት ናት፤ የዛሬዎቹ ከ9 አያልፉም። ይህ ሁሉ የታወቀው ድንጋይ ላይ ከቀረ የአንድ አጽም አሻራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ፒቬቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ያጠናው። በአንድ አጽም ስለ ዘር ሁሉ መፍረድ ይከብዳል፤ ግን ጅራት ጅራት ነው!

እሷ በኖረችበት ዘመን ማዳጋስካርና አፍሪካ አንድ ምድር ነበሩ። እኛ የደጀን ከተማ ሰዎች ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ የኖራ ድንጋዩንና ጀሶውን አልፈን ከታች የአሸዋ ድንጋይ እናገኛለን። እሱም ከዚያ ዘመን ይሆን? የጽሑፉ ጸሐፊ ስለ ዕድሜው ቢጽፍልን ምናለ?