አራቱንም ትሩጥ!

ለሚገባው ሰው ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ዛሬ የማመሰግነው ድሬዳዋ ስታዲየም ጥላው ሥር ተቀምጦ በሰው ልጅ እግር የሚቸረውን ተመልካች ነው። በራሱ እግር ይቸር እንዳትሉ። የራሱንማ እስከ ከዚራ እንኳ አያምነውም፤ ባጃጅ ይይዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። የሰፈራችን ልጅ አለች፣ 11ኛ ክፍል ናት። በ800፣ በ1500፣ በ3000 እና በዱላ ቅብብል ማጣሪያውን አልፋለች። ጠዋት ወደ ስፖርት አስተማሪዋ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ 800ውንና 3000ውን ብተዋቸውስ? ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ለ1500 ነው» አለች።

አስተማሪው አፉን ሳይከፍት ጎረቤቴ ከኋላ መለሰላት። «አቦ ምን ማለትሽ ነው? ያለፉበት ይተዋል እንዴ?»

ምን ዓይነት ብስለት ነው! ድግስ ተጠርቶ የሚቀር ሰው አይተን እናውቃለን? አናውቅም። ሦስት ሰርግ በአንድ ቀን ቢገጥመን ሦስቱም ጋ እንበላለን። ሩጫም ያው ነው። ልዩነቱ ሰርጉ ላይ የሚሠራው ሆድ፣ እዚህ ደግሞ እግር መሆኑ ብቻ ነው። እግሩም የእኛ አይደለም።

ጎረቤቴ ተረትም አያጣም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አላት። እውነቱን ነው። ባላዎቹ የልጅቷ ሁለት እግሮች መሆናቸውን ግን ማንም አላነሳም። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል» ብለው ነበር። እንዲህ ያለ የፈሪ ተረት በስታዲየም ውስጥ መከልከል አለበት።

ከተረቱ በኋላ ታሪክ መጣ። «ቀነኒሳ ሁለቱንም አልወሰደም? ጥሩነሽስ?» ወስደዋል እንጂ። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ሁለቱም 5000ውንም 10,000ውንም በወርቅ ጨርሰዋል። በሁለቱ ፍጻሜዎች መካከል ቀነኒሳ 6 ቀን፣ ጥሩነሽ 7 ቀን ነበራቸው። የእኛ ልጅ በ800ው እና በ3000ው መካከል አንድ ሰዓት ተኩል አላት። ምን ይጎድላታል? ሻይ ይጠጣበታል።

ኃይሌን ያነሳው ግን የለም። በ1996 አትላንታ ላይ 10,000ውን አሸነፈ፤ 5000ም ይጠብቀው ነበር። ትራኩ ደረቅ ነበርና እግሩን ጎዳው። 5000ውን ተወው። የእኛ ዓይነት ሰው አጠገቡ ባለመኖሩ የደረሰ ጥፋት ነው! ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ 10,000ውን ደግሞ መውሰዱ እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጥላው ሥር አይወራም።

የጎረቤቴን እውቀት የምታደንቁት ግን ፓሪስን ስታስታውሱ ነው። ሲፋን ሐሰን ቶኪዮ ላይ በሦስት ርቀት ሦስት ሜዳሊያ ስትወስድ «ሰው እንዲህ ነው!» ያለው እሱ ነው። በ2024 ጉዳፍ ጸጋይ በ1500፣ በ5000 እና በ10,000 ሮጣ ያለ ሜዳሊያ ስትመለስ «ማን ሦስት ሩጪ አላት?» ያለውም እሱ ነው። እንዲህ ሁለቱንም ጊዜ ልክ የሚሆን ሰው በስንት ዘመን አንዴ ይወለዳል?

እናላችሁ ልጅቷ ሮጠች። በ800ው አራተኛ ወጣች። ከዚያ መስመሩ ዳር ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲው ተረከዟ ላይ ተጣብቋል። ብትስበው እምቢ አለ። ከሀይላንዱ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ትንሽ ቆየች፣ ጥርሷን ነክሳ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ጎረቤቴ ይሄን አላየም፤ ለውዝ እየፈለፈለ ነበር።

አጠገቧ ሦስት የክፍሏ ልጆች ቆመዋል። አንዷ ሹራቧን፣ አንዷ ቦርሳዋን፣ አንዷ መርፌ ቁልፉን ይዘውላታል። እነሱም ዓመቱን ሙሉ ሲሮጡ ነው የከረሙት። አንዷ 3000 ሯጭ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ናት ይላሉ። ዘንድሮ የደረሳት ሹራብ መያዝ ነው። ይሄም ትልቅ ኃላፊነት ነው። ሹራቡ ቢጠፋስ?

አስተማሪውን ደግሞ አትውቀሱት። ዋንጫው የሚሰጠው ብዙ ሜዳሊያ ለሰበሰበ ትምህርት ቤት ነው። ዋንጫው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ መስታወቱ ቁምሳጥን ውስጥ፣ የማይሠራው ፕሪንተር አጠገብ ይቀመጣል። አቧራም የሚጠጣው በክብር ነው። ከዚህ አንጻር አንድ ተረከዝ ምንድነው?

4 ሰዓት ላይ 3000ው ተጀመረ። የድሬን የ4 ሰዓት ፀሐይ ለምታውቁት አልነግራችሁም። እነ ቀነኒሳ ያደጉባት በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ 1,200 አካባቢ ላይ ነን፣ ያውም መጥበሻው ውስጥ። ሰባት ዙር ተኩል ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ልጅቷ ትከሻዋን ማወዛወዝ ጀመረች። ጎረቤቴ ተነስቶ «ጨምሪ! ጨምሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ተዘጋበትና ተቀመጠ። «ዛሬስ ደከመኝ» አለ። ስድስተኛ ወጣች።

1500ው ሊጀመር ሲል ዘወር ብል ጎረቤቴ የለም። ለካ ጫት የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ኖሯል። እሱም ላለፈበት ውድድር ሄዷል፤ ከማንም ጋር አይደርበውም።

ከውድድሩ በኋላ ደወለልኝ።

«1500ውስ ስንተኛ ወጣች?»

«ስምንተኛ።»

«አቦ! ማን 3000 ሩጪ አላት?» ትንሽ ዝም አለ። «ቆይ፣ ቅብብሉ ገና ነው አይደል? እሱ ላይ ትካሰው።»

ከበስተኋላው አንድ ሰው «ትራሱን ላቀብልህ?» ሲለው ይሰማል።