ስማቸው ይነበብ

አንድ ጸሐፊ በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች ብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን ይኑር ብለዋል። እስማማለሁ። የካቲት 12 አለ የምትሉ፣ እሱ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግፍ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ ነው። የካቲት 23 ደግሞ የዓድዋ ድል ቀን ነው። ፉከራው ሲደምቅ ጦር ሜዳ የቀረው ሰው ይረሳል።

እኔ የወሎ፣ የወረኢሉ ልጅ ነኝ። ምኒልክ ለዓድዋ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ጦር የቀጠሩት እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ቅድመ አያቴ ማይጨው ዘመቱ። አልተመለሱም። መቃብር የለ፣ ምልክት የለ። ጋቢያቸው ብቻ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ቀረ።

በደርግ ጊዜ ደግሞ አጎቴ ኤርትራ ዘመተ። ደብዳቤው ተቋረጠ። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳ ነበር። መርዶው የደረሰን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ያውም አብሮት የነበረ ሰው ገበያ ላይ አግኝቶን። ወሎ አይደል፣ ግማሹ ዘመዳችን ሙስሊም ነው። ተዝካሩም ዱአውም በአንድ ዳስ ሆነ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ግን አይወጣም፣ ያየው ያውቀዋል።

የትኛው መንግሥት ላካቸው የሚለው ክርክር ለዚያች ቀን ይቅር። አዲስ አበባ ላይ የአበባ ጉንጉን ቢቀመጥም እሰየው። ግን በየወረዳው ስማቸው ጮክ ተብሎ ይነበብ። እናቴ 80 ዓመቷን ይዛ፣ የወንድሟን ስም ለመስማት ከሆነ በእግሯ ትመጣለች።