የያንግ ቲንግዩን ዕቁባት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1611 ቻይና ውስጥ የሃንግዡው ሹም ያንግ ቲንግዩን «አጥምቁኝ» ቢል ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህናት እምቢ አሉት። ምክንያቱ ቤቱ ያለችው ዕቁባቱ ነበረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለታለች። ሰውየው ከፋው። እሱን የሚያክል ሹም ሊያገለግላቸው ተነስቶ በአንዲት ዕቁባት ይከለክሉኛል ብሎ ለወዳጁ ለሊ ዢዛው አማረረ። ኋላ ግን ከቤቱ ለያትና ተጠመቀ፤ ስሙም ሚካኤል ተባለ።

የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን ክርስቲያኖች ሲነሱ ይህ የቆራጥነት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እኔን የምታሳስበኝ ሴትዮዋ ናት። እሱ ጽድቅ ፈለገ፤ ጎጆዋ የፈረሰው የእሷ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

ስለ እነዚህ ክርስቲያኖች «ከአባቶቻቸው እምነት ተቆራረጡ» የሚባለው አነጋገርም አይዋጥልኝም። ከቡድሃ ተለያይተዋል፣ እውነት ነው፤ ያንግ ራሱ ቡድሂስት ነበር። ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከኮንፊሽየስ ግን አልተጣሉም። በ1603 ናንጂንግ ውስጥ ጳውሎስ ተብሎ የተጠመቀው ሹ ጓንግቺ አዲሱ እምነት የቡድሃን ቦታ ይወስዳል፣ ኮንፊሽየስ የጎደለውን ደግሞ ይሞላል ባይ ነበር። በሟች አባት ስም ሰሌዳ ፊት መስገድና ዕጣን ማጨስ ለእነሱ ልጅ ለወላጁ የሚያደርሰው የአክብሮት ወግ ነው። ኢየሱሳዊው ሰባኪ ማቴዎ ሪቺም ይህንኑ ተረድቶ አልከለከላቸውም።

የከለከለችው ሮም ናት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 11ኛ በ1704 እና በ1715 ሥርዓቱን አወገዙ። በ1692 ክርስትናን የፈቀደው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺም ተቆጥቶ በ1721 ስብከቱን አገደ። (ሹ በተጠመቀበት ዓመት ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ እኛ አገር ገብቶ ነበር። ኋላ የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጾሙንም በዓሉንም ልቀይር ብሎ ያመጣውን ጦስ የሱስንዮስን ታሪክ የሰማ ሁሉ ያውቃል።) በ1742 ሮም ክርክሩን ራሱን ከለከለች፤ በ1939 ደግሞ ያንኑ ሥርዓት ፈቀደች። በመካከሉ ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ወይ የአባቱን ሰሌዳ ምረጥ እየተባለ የኖረው ምእመን ስንት ትውልድ እንደሆነ አስቡት።

የሚጠየቅ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ቻይናዊው ሉዎ ዌንዛው በ1685 ጓንግዡ ላይ ጵጵስና ተቀብቷል። የገባበት ዶሚኒካውያን የሚባለው ሌላው የካቶሊክ ማኅበር ሥርዓቱን ሲቃወም እሱ ግን ለሥርዓቱ ያደላ ነበር። በ1691 ሞተ። ከእሱ ቀጥሎ ቻይናውያን ጳጳሳት የተቀቡት በ1926 ነው።