የልጆች ፋንታሲ ለአዋቂ ይበቃል? ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ለልጆች የተጻፈ ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት) ልብ ወለድ በማንኛውም ዕድሜ ላለ አንባቢ ሙሉ ንባብ ነው።» ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦
አዋቂ እነዚህን መጻሕፍት የሚያነበው ልጅነቱ ናፍቆት ነው ሲባል ደሜ ይፈላል። የሚይዘው አሠራራቸው ነው። የልጆች ፋንታሲ ጸሐፊ ሃምሳ ገጽ ሙሉ መንደርደር አይፈቀድለትም፤ ገና ከጅምሩ ወላጆችን ከመንገድ ማራቅ፣ ወደ ሌላው ዓለም የሚያስገባውን በር መክፈት፣ የዚያን ዓለም ሕግ ማስያዝ አለበት። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሕጉ ላይ ነው። አስማቱ ያለ ዋጋ ሁሉን የሚፈታ ከሆነ ለጀግናው የምንሰጋበት ምክንያት ያልቃል። ኧርሱላ ለ ጊን ኧርዝሲ ስለተባለ ምናባዊ የደሴቶች ዓለም በ1968 ባወጣችው መጽሐፍ ጠንቋዩ አንድን ነገር ለማዘዝ እውነተኛ ስሙን ማወቅ አለበት፤ በአንዱ ደሴት የተጠራ ዝናብም ለሌላው ደሴት ድርቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሚዛን ልጁም አዋቂውም ይረዱታል። ደግሞ ከልጅ የበለጠ ጥብቅ ዳኛ የለም፤ የሰለቸውን ይጥላል። አሳታሚው ስታንሊ አንዊን የቶልኪንን የ«ሆቢት» ረቂቅ ያስመዘነው በ10 ዓመት ልጁ በሬይነር ነው። ልጁ ወደደው፤ መጽሐፉ በ1937 ታተመ።

ተቃዋሚ፦
ምስክር ጠርተው የምስክሩን ቃል ግማሹን አስቀሩት። ያው ሬይነር በጻፈው ግምገማ መጽሐፉ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ሁሉ ሊማርክ ይገባል ነው ያለው። ለንባቡም አንድ ሽልንግ ተከፍሎታል። ጥብቅ ዳኛ ያሉት ተከፋይ ነበር! ልጅ የሰለቸውን ይጥላል የሚሉትም እውነት አይደለም። ልጅ የማይረባ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ያስነብባል፤ መርጦ የሚገዛለትም ሌላ ሰው ነው። ዳኝነቱ የቱ ላይ ነው?
ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ጀግናው ገና ሳይወለድ የተመረጠ ነው፤ ክፉው ያለ ምክንያት ክፉ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ቤቱ ይገባል። የአዋቂ ኑሮ ጠላት በሌለው ችግር የተሞላ ነው፦ ዕዳ፣ የከሰመ ትዳር፣ የማይወዱት ሥራ። ይህን የማይነካ ጽሑፍ ሙሉ ንባብ አይባልም።

ደጋፊ፦
የደበቅሁት ነገር የለም፤ እንዲህ መባሉም አሳዝኖኛል። ሬይነር 10 ዓመቱ ነበር። የዕድሜውን ጣሪያ ከራሱ በታች ያደረገው ልጆች ሁሉ እንደሚያደርጉት ነው፤ የወደዱትን መጽሐፍ «ለታናናሾቼ ነው» ይላሉ። ይኸው ሬይነር አድጎ በአባቱ ማተሚያ ድርጅት ሲሠራ፣ የቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» 1000 ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል እየገመተ እንዲታተም ተሟግቷል። ያለ ምክንያት ስለሚከፋው ክፉ ደግሞ ያንኑ የኧርዝሲን መጽሐፍ ያንብቡ፦ ጀግናውን የሚያሳድደው ጥላ በራሱ ትዕቢት የለቀቀው ነው፤ ስሙም የጀግናው የራሱ ስም ነው።

ተቃዋሚ፦
«የቀለበቶች ጌታ» የልጆች መጽሐፍ አይደለም። ስለ ልጆች መጻሕፍት ተነሥተው ማስረጃ ሲያጥርዎት የአዋቂውን አመጡ። እኔ የጠየቅሁት ስለዚያ ሽልንግ ነበር፤ የልጁ ፍርድ ሚዛን ይደፋል ካሉ ከ5 እስከ 9 የሚለውም ይደፋል። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1997 ወጣ፤ በ1998 ለአዋቂዎች ሌላ ሽፋን ተዘጋጀለት። ለአዋቂ የሚበቃ ንባብ ከሆነ ሽፋኑን መቀየር ለምን አስፈለገ?

ደጋፊ፦
ሽፋኑ ተቀየረ፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው። እርስዎ የሚከላከሉት መጽሐፉን አይደለም፤ መደርደሪያውን ነው። በ2000 ኒው ዮርክ ታይምስ ለልጆች መጻሕፍት የተለየ የሽያጭ ዝርዝር የከፈተው የሃሪ ፖተር መጻሕፍት የዋናውን ዝርዝር አናት ይዘው አልለቅ ስላሉ ነው። የፊሊፕ ፑልማን የሦስትዮሽ ልብ ወለድ ሦስተኛ መጽሐፍ ከአዋቂዎቹ ጋር ተወዳድሮ ዊትብሬድ የተባለውን የብሪታንያ ሽልማት፣ የ2001ን የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ክብር ወሰደ፤ ከልጆች መጻሕፍት የመጀመሪያው ነበር። ሲ. ኤስ. ልዊስም በ1950 የመጀመሪያውን የናርኒያ መጽሐፍ ለክርስትና ልጁ ሲያበረክት፣ ለተረት አሁን አልፎብሻል፤ አንድ ቀን ግን እንደገና ለማንበብ የሚበቃ ዕድሜ ይኖርሻል ብሏታል።
አንድ የተረሳ ነገርም አለ። «ሆቢት» 19 ምዕራፎች አሉት፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንዱ ምዕራፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከልጁ ጎን ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ የሚያሳልፍ አዋቂ አለ። ተራኪው በየመካከሉ ወደ አንባቢው ዞር እያለ ሲያወጋ ያን አዋቂም ያውቀዋል። እነዚህ መጻሕፍት ሲሠሩም ለሁለት ሰው ነው።

ተቃዋሚ፦
ሽያጭ የጥራት ማስረጃ አይደለም። አሁን የሚሉት ሌላ ነው፤ «የልጆች» የሚለው መለያ ይነሣ ነው የሚሉት። በዚያ ልስማማ እችል ነበር። ግን ያን የፑልማን መጽሐፍ ለ8 ዓመት ልጅ ይሰጡታል? የሙታን አገር ያለበትን፣ ሁለቱ ልጆች ለዘላለም የሚለያዩበትን? መለያ ከሌለ ይህን ለወላጅ ማን ይነግረዋል?

ደጋፊ፦
ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ይነግረዋል። ሦስተኛውን ከመክፈቱ በፊት የፊተኞቹን ሁለቱን ከልጁ ጋር አንብቧል፤ ልጁ የት ላይ ዝም እንዳለ፣ የት ላይ አቁም እንዳለው ያውቃል። መጽሐፉ ጀርባ ላይ የታተመ የዕድሜ ቁጥር ይህን አያውቅም።

ተቃዋሚ፦
አሁንም ዳኛው አዋቂው ሆነ። እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነበር።