የአምስት ብርጭቆ ሂሳብ

ሂሳቡን የሠራሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ነው። አንድ ጠርሙስ ወይን 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አስተናጋጅ ለአንድ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀዳል። ስለዚህ ጠርሙሱ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሽርሽር የምንሄድበት መርከብ ላይ አንዱ ብርጭቆ 13 ዶላር፣ ጠርሙሱ 48 ዶላር ነው። አምስቱን በብርጭቆ ብንጠጣ 65 ዶላር፣ በጠርሙስ ከገዛን ግን 17 ዶላር ኪሳችን ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ያልጨረስነውን አስተናጋጁ መልሶ ይከድነውና የክፍላችንን ቁጥር ጽፎበት ለነገ ያስቀምጥልናል።

«በቀን የፈለጋችሁትን ጠጡ» የሚለውን ፓኬጅ አልነካሁትም። አንዱ ከገዛ እዚያው ክፍል ያለው ሌላው ጎልማሳም የግድ ይግዛ ይላል ደንቡ። ባለቤቴ ደግሞ ፋሲካና ገና ላይ ከንፈሯን ብታረጥብ ነው። ለእኔና ለእሷ አንድ ጠርሙስ ለሁለት ቀን። ሰባት ሌሊት፣ አራት ጠርሙስ። አለቀ።

ሂሳቡ እንከን አልነበረውም። ሳይጠየቅ የሚጨመረውን 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ረስቻለሁ። ጋሼንም ረስቻለሁ።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከሚስቱ ከእትዬ ጋር አብረውን ሊጓዙ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጠርሙስ የሚያወርድ ሰው ነበር ይባላል። ጠርሙስ ማውረድ ደግሞ ከመደርደሪያ ማውረድ ብቻ አይደለም። ግራና ቀኝ ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ሲወርድ ማየት አለበት።

ነገሩ የተበላሸው ገና ባልቲሞር ወደብ ላይ ነው። መርከቡ እያንዳንዱ ጎልማሳ ሲሳፈር አንድ ጠርሙስ ወይን ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ይህን ለጋሼ የነገርኩት በቅን ልቦና ነበር። ጋሼ ጠጅ ይዞ መጣ። በወተት ጋሎን። ዕቃ የሚፈተሽበት ማሽን ጋ ስንደርስ ጠባቂዋ አስቆመችን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሃኒ ዋይን» አለ ጋሼ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ወይን ከሆነ የፋብሪካ እሽግ መሆን አለበት» አለችው።

ጠጁን የጣለችው እትዬ ናት። የጋሎኑንም አፍ በፌስታል ጠቅልላ በላስቲክ ያሰረችው እሷው ናት። ጋሼ በእጁ ወደ እሷ አመለከተ። «ፋብሪካዋ ይቻትና!»

ጠጁ ቀረ። መርከቡ ከወደቡ ሲወጣ ተሳፋሪው በሙሉ ፎቅ ላይ ወጥቶ በ2024 የጭነት መርከብ ገጭቶ የጣለውን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ቦታ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። ጋሼ ግን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጋሎኑ የቀረበትን ሕንጻ ያያል። «አንድ ወር የተጠነሰሰ ጠጅ» አለ። ይህን ሲል ቂም መያዙ ገባኝ። ቂሙን በማን ሂሳብ እንደሚወጣው ግን አልገባኝም ነበር።

ራት ላይ የወይኑ ዝርዝር መጣ። ቀይ፣ 48 ዶላር፣ እንደ ዕቅዴ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ትሑት ፊሊፒናዊ ነው። ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣውና ጽሑፉን አሳየኝ። ከፈተ። ከዚያ እኔ ብርጭቆ ላይ ጠብታ የምታህል ነገር አድርጎ ቆመ።

ጋሼ ብርጭቆዬን አየ። «48 ዶላር ይቺ ናት?»

«ቅመስ ማለቱ ነው፣ ጋሼ። ቡሹ አበላሽቶት እንደሆነ እንዳየው ብሎ።»

«እና እሱ አይቀምስም?»

«ደንበኛው ነው የሚቀምሰው።»

«ጉድ ነው!» አለ ጋሼ። «እኛ አገር እኮ አሳላፊው ነው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ የሚቀምሰው። መርዝ ቢኖረው እሱ ይሙታ! እዚህ እንግዳው ነው የሚሞተው?»

እኔ ቀመስኩና አልሞትኩም። ባለቤቴ «ለእኔ ይቅር» አለች። አስተናጋጁ ለሦስታችን የብርጭቆውን ሲሶ ሲሶ ቀዳልን። እዚህ ላይ ጋሼ ትዕግሥቱ አለቀ። ጠርሙሱን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ ብርጭቆዎቹን እስከ አፋቸው ሞላቸው። ብርሌ እንኳ እንደዚያ አይሞላም። አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል ያልኩት ጠርሙስ ሾርባው ሳይመጣ ሥሩ ላይ ደረሰ።

አስተናጋጁ ሊረዳኝ ሞከረ። «የቀረችውን ለነገ ላስቀምጥላችሁ?»

«ለነገ?» አለ ጋሼ። «የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ?»

ጨረሳትና ሁለተኛ አዘዘ። ግብዣው የእኔ ነው አለ። የእኔ ነው አልኩ። መቼም የሐበሻ የሂሳብ ፀብ የራሱ ጥበብ አለው። ወደ መጸዳጃ ቤት የሄደ መስሎ በጎን ከፍሎ መመለስ አንዱ ነው፣ እኔም በዚህ አልታማም። መርከብ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ የለም። የክፍሉን በር የሚከፍተው ካርድ ነው ሂሳብም የሚከፍለው። ደረሰኙም ራት እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጋር ከተፍ ይላል። ስለዚህ ያለው አማራጭ የክፍል ቁጥርን ቀድሞ መጮህ ነው።

«ሰባት አንድ ዜሮ ስድስት!» ይላል ጋሼ።

«ስምንት ሁለት አንድ አራት! በእናቴ ሞት!» እላለሁ እኔ።

ጎን ያሉት አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ቢንጎ የምንጫወት መሰላቸው። አንዷ አሸነፍኩ ስል አጨበጨበችልኝ።

ማክሰኞ አሳንሰር ውስጥ ገባን። አንዲት ሴት ለባሏ በአማርኛ «ሰውዬው ኮፍያውን ገልብጦ አድርጎት ይሆን?» አለችው። ሰውዬው እኔ ነኝ። ኮፍያው አልተገለበጠም፣ ሥሪቱ ነው። ከቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የመጡ ናቸው። በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀች፣ በአማርኛ ይቅር አልን። ማታ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። እነሱ አንድ አወረዱ። ጋሼ መለሰ። እነሱ የጋሼን መለሱ። እኔስ ዝም ልበል? ብድር በምድር ይላል ያገሬ ሰው፤ ባሕር ላይ ግን ብድር እዚያው ገበታ ላይ ነው የሚመለሰው።

ረቡዕ ለአስተናጋጁ ከባድ ቀን ነበር። ሥጋ አልን፣ አንበላም። እንቁላል፣ አንበላም። ቅቤ፣ በፍጹም። ድንችና አትክልት ብቻ፣ ጾም ነው። «ወይኑስ?» አለ በፍርሃት። «እሱን አምጣው» አለ ጋሼ። ሰውየው ሃይማኖታችን እስከ ዛሬ ድረስ ሊገባው አልቻለም መሰለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ውሃዋን በሎሚ ትጠጣለች። ከምሳ በኋላ እኔና ጋሼ የትናንቱን ስንተኛ፣ እሷ መጽሐፏን ይዛ «ነፋስ ልቀበል» ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። አሳዘነችኝ። ያለ እኔ ብቻዋን ነፋስ የምትቀበል ሚስት።

ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ማታ፣ ሂሳባችንን ክፍላችን ያለው ቴሌቪዥን ላይ ከፈትኩት። ወለል አለ። ቀይ ወይን፣ ቀይ ወይን፣ ቀይ ወይን። በስማችን ስምንት ጠርሙስ። ለካ ያሸነፍኳቸው ቢንጎዎች እነዚህ ናቸው። በየአንዳንዱ ሥር ያቺ 18 በመቶ ቁጭ ብላለች። ቀዩ ብቻውን ከ450 ዶላር አልፏል። አራት ጠርሙስ ነበር ያልኩት፣ ሶፋው ምስክሬ ነው።

ከዚያ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የላይኛው ፎቅ፣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን።

«ነጭ አልጠጣንም እኮ! በስህተት ነው የጻፉብን» አልኩ።

ባለቤቴ ጉትቻዋን እያደረገች ነበር። «አልተሳሳቱም» አለች።

ራት ላይ አስተናጋጁ ቡሹ የተመለሰለት ጠርሙስ ይዞ መጣ። አንገቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ 8214 ይላል። ቀጥ ብሎ ሄዶ ባለቤቴ ፊት አስቀመጠውና «ዛሬ የላይኛው ፎቅ ስለተዘጋ ወደዚህ አምጥቼልዎታለሁ፣ እመቤቴ» አላት። አንድ ብርጭቆ ቀርቶታል። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል አላልክም? አራቱን ጠጥቻለሁ።»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ጋሼ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው። አገላብጦ አየው። የተለጠፈውን ቁጥር አነበበ። ከዚያ አስተናጋጁን በጣቱ ጠራው።

«ለስድስት ቅዳው» አለ።