ፈገግ በል እንጂ፣ የኔ ጌታ!

ጸደይ በዓለም ሰሜናዊ ክፍል መጋቢት ላይ፣ በደቡቡ መስከረም ላይ ይገባል። ወሩ ይለያይ እንጂ ተከትሎት የሚመጣው ነገር የትም ያው ነው። ሣሩ ይለመልማል፣ አበባው ይፈካል፣ ሕፃናት ለባብሰው ወደ መናፈሻ ይወጣሉ። ስልክም ከኪስ ይወጣል። ወደ ኪስ የሚመለሰው ባትሪው ሲያልቅ ነው።

እኔ ዛሬ የመጣሁት እነዚህን ስልክ የማይለያቸው ወላጆች ላመሰግን ነው። ሰው ዝም ብሎ ያማቸዋል። «ልጁን ተዉት እንጂ ይጫወትበት» ይላል። ምቀኝነት ነው። ልጅን ሜዳ ወስዶ ማጫወትማ ማንም ይችላል። አያቶቻችንም ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ያውም ያለ ቻርጀር። ልጅን ሜዳ ወስዶ፣ እንዳይጫወት አድርጎ፣ ሲጫወት የሚያሳይ ፎቶ ይዞ መመለስ ግን ጥበብ ይጠይቃል።

ዝግጅቱን ብቻ ተመልከቱ። የሁለት ዓመቱ ልጅ ከአንገቱ እስከ ጫማው ነጭ ለብሷል። ለምን ነጭ? አረንጓዴ ላይ ያምራላ! ጸደይ ማለት ደግሞ እርጥብ መሬት ነው። ጭቃ ነው፣ ኩሬ ነው፣ እጅ ላይ የሚቀር የሣር ቀለም ነው። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶበት የጠበቀው ይሄንኑ ነበር። አሁን አገኘው። ቆሞ ያየዋል። «እንዳትቀመጥ! እንዳትነካ! ወደዚያ እንዳትሄድ!» እንግዲህ ሽርሽር ይሄ ነው። ትዕግሥትን ገና በዳይፐር ያሉ ልጆች የሚማሩበት ሌላ ምን ትምህርት ቤት አለ?

የሰዓት ምርጫው ደግሞ ሳይንስ አለበት። ፀሐይ ወደ አድማስ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም አየር አቋርጦ ይመጣል። ሰማያዊው ቀለም መንገድ ላይ ይበተናል፣ ቢጫውና ቀዩ ይደርሳል። ፊት ላይ ሲያርፍ ወርቅ ይመስላል። ፎቶ አንሺ ሁሉ ይሄን ሰዓት ይወደዋል። ችግሩ አመሻሹ ላይ ሕፃን ልጅም አብሮ መቅላቱ ነው። እንቅልፉ መጥቷል፣ ርቦታል፣ ነጩ ጫማ እግሩን ይዞታል። ታዲያ ብርሃን ይጠብቃል እንዴ? ልጁ ነገም ይተኛል።

ከዚያ ቀረጻው ይጀመራል። እናት አበባው ሥር ልጅቷን ታቆማለች። «አሽቺው የኔ ቆንጆ።» ልጅቷ ታሸታለች። «እንደሱ አይደለም፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ።» ትጨፍናለች። «እንደዚያ ጭምቅ አታድርጊው፣ ቀስ ብለሽ!» ልጅቷ በሦስት ዓመቷ አበባ ማሽተት እንደማትችል ዛሬ ተረዳች። ጎበዝ እናት ባትኖራት ዕድሜዋን ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ስታሸት ትኖር ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ቀይ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ቅጠሉ ላይ ትወጣለች። ልጅቷ ቁጭ ትላለች። እነዚህ ጥንዚዛዎች ሲነኩ ከእግራቸው መገጣጠሚያ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣሉ። ጠላት እንዳይበላቸው መራራ ነገር ነው። ልጅቷ ጣቷን ብትዘረጋ ኖሮ ይሄን ራሷ ታገኘው ነበር። ደግነቱ አባት ደረሰ። «ተይ፣ ቆሻሻ ነው! እዚህ፣ እዚህ እዪኝ! ማነው እዚህ ያለው?» ማን እንዳለማ ልጅቷ ታውቃለች። ስልክ ነው።

እፍ ሲሉት ዘሩ ብን የሚለውን አበባ ሳላነሣ ባልፍ ግን አድሎ ይሆንብኛል። እያንዳንዱ ዘር ነጭ ጃንጥላውን ዘርግቶ በነፋስ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ለልጅ ከዚህ የተሻለ መጫወቻ አልተሠራም። ለካሜራ ግን ፈተና ነው፣ አንዴ ከተነፋ አይደገምማ። «ቆይ! ገና ነው! ሦስት ስል!» ልጅ ደግሞ ሦስት እስኪባል የት ያውቃል? አንድ ላይ እፍ። ቤተሰቡ በሙሉ ሌላ አበባ ፍለጋ ሜዳው ላይ ይበተናል። አያት ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። አራተኛው አበባ ላይ ልጁ መንፋት አስጠልቶታል። ቪዲዮው ግን ግሩም ወጥቷል። በዝግታ ሲታይማ ያስለቅሳል።

ሸርተቴው ጋ ሌላ ድንቅ ነገር አለ። ልጁ ይወርዳል። የሁለት ሰከንድ ደስታ ነው። «አልተቀረጸም፣ ድገመው!» ይወጣል፣ ይወርዳል። «ፊትህ አይታይም፣ ቀና በል!» ይወጣል። ከኋላው የሌላ ሰው ልጆች ተሰልፈው ያለቅሳሉ። ያልቅሱ፣ እነሱም ወላጅ አላቸው፣ እነሱም ሲደርሳቸው ሰልፍ ያስቆማሉ። በመጨረሻ ፎቶው ተንቀጥቅጦ ይወጣል። የተንቀጠቀጠው የአባት እጅ ነው፣ ቁጣው የሚወርደው ግን ልጁ ላይ። «አንተ'ኮ ዝም ብለህ አትቆምም!» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለካ ለመናፈሻም ይሠራል።

እዚህ ላይ ልጁ ያለቅሳል። ድሮ ወላጅ ልጅ ሲያለቅስ ስልኩን ያስቀምጥ ነበር አሉ። ኋላ ቀርነት ነው። የዛሬው ወላጅ ልቅሶ ፈገግታን በላይክ እንደሚያስከነዳ ገብቶታል። ስለዚህ ይጠጋል። እንባው ጉንጭ ላይ ሲንከባለል፣ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ፣ ልጁ እቀፉኝ ብሎ ሁለት እጁን ሲዘረጋ፣ ሁሉም ተቀርጿል። ልጁ እጁን የዘረጋው ወደ ካሜራው ስለነበረ ማዕዘኑም ተስማምቷል። ከሥሩ «ሲያለቅስ እንዴት እንደሚያምር እዩልኝ» ይጻፍበታል፣ የሚስቅ ፊት ይደረድሩለታል። ይሄ ልጅ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሥራ ሲያመለክት ቀጣሪው ከወዲሁ ያውቀዋል። የትኛው ወላጅ ነው ለልጁ እንዲህ አርቆ ያሰበ?

ከሁሉም የማደንቀው ግን ከፎቶው በኋላ ያለውን ጸጥታ ነው። ወላጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፊልተር ይመርጣል። ልጁ ከዥዋዥዌው ላይ «ማሚ፣ እዪኝ!» ይላል። «እያየሁህ ነው የኔ ጌታ።» አልዋሸችም። እያየችው ነው፣ ስክሪኑ ላይ ነጩን ልብሱን ይበልጥ እያነጣችለት። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1970ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) አንድ ታዋቂ ሙከራ ሠርተው ነበር። እናት ሕፃኗን ፊት ለፊት ይዛ ስትጫወት ቆይታ፣ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ድንጋይ ታደርገዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሊመልሳት ይታገላል። ሲያቅተው ፊቱን ያዞራል፣ ይረበሻል። ሰውዬው ሙከራውን ለማካሄድ እናቶችን እየለመኑ፣ መመሪያ እየሰጡ ነው። እኛ ይሄን ያህል ተራምደናል፣ ዛሬ ያለ ምንም መመሪያ በየአግዳሚ ወንበሩ በነፃ ይሠራል።

ሳይንስ ሌላም ነገር ይዞብናል። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ ተመራማሪ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ሙዚየም አስጎብኝተው፣ ከፊሉን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሡ፣ ከፊሉን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረጉ። በማግስቱ ሲጠየቁ ሙሉ ዕቃውን ፎቶ ያነሡትን ካዩት ያነሰ አስታወሱ። ተቺዎች ይሄን ሲሰሙ ዘለሉ። እኔ ግን ምሥራች ነው ያልኩት። ያንን ጩኸት፣ ያንን ሰልፍ፣ የጠፋውን አንድ እግር ጫማ ማን ማስታወስ ይፈልጋል? ከዓመት በኋላ ፎቶው ብቅ ሲል ሁላችንም ፈገግ ብለናል። እንደዚያ ከሆነ ተደስተን ነበር ማለት ነው፣ ማስረጃ አለ።

የሕግ ሰዎች ደግሞ አያርፉም። የተባበሩት መንግሥታት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ለሕፃን የመጫወትና የማረፍ መብት ይሰጠዋል፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ የግል ሕይወቱን ይጠብቅለታል። ሁለቱን አንቀጾች በአንድ ጠቅታ መሻር የሚችል ወላጅ ቢያንስ ጊዜ ቆጣቢ ነው። ፈረንሳይ በየካቲት 2024 የልጆችን ምስል የሚመለከት ሕግ ጭራሽ አውጥታለች። እናትና አባት ካልተስማሙ ዳኛ አንደኛውን ወላጅ ያለ ሌላው ፈቃድ የልጁን ምስል እንዳያሰራጭ ሊከለክለው ይችላል። እስቲ አስቡት፣ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ዳኛ ሲያስፈልገው! ያውም ልጁ ራሱ ቢጠየቅ ይስማማል። ከረሜላ ከያዝክለት በሁሉም ነገር ይስማማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2019 መመሪያ አውጥቷል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት ቁጭ የሚለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ሲያንስም ይሻላል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ። ወላጆቻችን መመሪያውን በጥንቃቄ አንብበውታል። የተገደበው ልጁ ስክሪን የሚያይበት ሰዓት ነው፣ ስክሪን ላይ የሚታይበት ሰዓት የት ተገደበ? እንቅስቃሴውም ቢሆን በደንብ ይሞላል። ግራ ዙር፣ ቀኝ ዙር፣ አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ፣ ወንድምህን እቀፈው፣ እንዲህ አንቀህ አይደለም፣ በፍቅር እቀፈው።

ማታ ቤት ሲገባ ልጁ መኪና ውስጥ ተኝቷል። ነጩ ሸሚዝ ንጹሕ ነው። ፎቶዎቹ ይለጠፋሉ፣ ከሥራቸውም ይጻፋል፦ «ዛሬ ከስልክ ርቀን፣ ከልጃችን ጋር በተፈጥሮ መሐል።» እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሚጽፍ ሰው እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ። ሸርተቴው ላይ የተንቀጠቀጠው እጅ ይሄው መሆኑን ሳስብ ደግሞ እገረማለሁ። አስተያየቱ ይጎርፋል። «እንዴት ያለ የተረጋጋ ልጅ ነው!» «እግዜር ያሳድግልሽ፣ እንዴት ነው እንዲህ ዝም ብሎ የሚቆምልሽ?» እናት ለእያንዳንዱ በልብ ምልክት ትመልሳለች። ሌሊቱ ይጋመሳል።

ልጆቹም እየበሰሉ ነው። አሁን አሁን ሸርተቴ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳይወርድ የሚቆም ልጅ ታያላችሁ። ፈርቶ አይምሰላችሁ። ስልኩ መደገኑን እያየ ነው። ካልተደገነ አይወርድም፣ ምን ሊሠራ ይወርዳል?

ለመጪው ጸደይ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ሥራችሁን የሚያቀልላችሁ። ዘንድሮ የተነሡት ፎቶዎች ለሦስት ዓመት ይበቃሉ። ከጀርባው ያለውን አበባ ስልኩ ራሱ ይቀይርላችኋል፣ ልጁንም ትንሽ ያስረዝምላችኋል። ስለዚህ ወደ መናፈሻው ወላጆች ብቻችሁን ሂዱ። ብርሃኑን በደንብ ትጠብቃላችሁ፣ የሚያለቅስ የለ፣ የሚሮጥ የለ። ልጁን ግቢ ውስጥ ለአያቱ ተዉላቸው። እሳቸው እንደሆነ ስልካቸው ካሜራ የለውም። ቢበዛ ጭቃ ቢነካ ነው።