ይሄ ቤት አይተነፍስም

የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት ጠፋ። ቤታችን ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። ማሞቂያው ሲሠራ ሁሌ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እሱ ቀጥ ሲል ነቃሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ ሰፈሩ በሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከበረዶው ንጣት በቀር የሚታይ ነገር የለም።

አልደነገጥኩም። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ያደገ ሰው መብራት ሄደ ብሎ አይደነግጥም። እኛ ቤት ሻማውም ክብሪቱም የት እንዳለ በዳበሳ ይታወቅ ነበር። ሻማ ካለቀ ኩራዝ አለ። በኩራዝ የቤት ሥራ ሠርተን ባደርን ማግስት ስንናፈጥ መሐረቡ ላይ የሚቀረው ጥላሸት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ባለቤቴን “ይመጣል፣ ተኚ” አልኳት።

አልመጣም። እኛ ቤት የመጣው ረቡዕ ማታ ነው።

ሲነጋ አንድ ነገር ገባኝ። አገር ቤት መብራት ሲሄድ የሚሄደው መብራት ነው። እዚህ ግን ቤቱ አብሮ ይሄዳል። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፣ ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው፣ ሙቅ ውሃው፣ ኢንተርኔቱ፣ ሁሉም በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። የጋራዡ በር እንኳ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። (ከበሩ ሞተር አጠገብ የተንጠለጠለች ቀይ ገመድ አለች። እሷን ስትስቡ በሩ በእጅ ይከፈታል። ዛሬውኑ ፈልጓትና ሞክሯት።)

በማግስቱ ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባች። ከ1949 ወዲህ እንዲህ ቀዝቅዛ አታውቅም። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ ከሌላው አሜሪካ ተነጥሎ የቆመ ስለሆነ ከጎረቤት ክፍለ ግዛት ብዙ ኃይል መበደር አይችልም። የጋዝ መስመሩና የኃይል ማመንጫው ደግሞ ለዚያ ዓይነት ብርድ አልተዘጋጀም ነበር። ብዙው ቆመ። መረቡ ጨርሶ እንዳይወድቅ መብራት መቁረጥ ተጀመረ፤ ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ።

“ተራ በተራ ነው” ተብሎ ነበር። ፈረቃ ማለት ነው። ፈረቃን እኛ እናውቀዋለን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ ፈረቃ ሲታወጅ አገር ቤት ሰሌዳ ወጥቶ ነበር። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበትን ሰዓት በሰሌዳው ታስተካክል ነበር። ቴክሳስ ላይ ግን ፈረቃው አልዞረም። ከሆስፒታል ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለ ሰፈር ጭራሽ አልጠፋበትም፤ የሌላው ጠፍቶ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት መብራቱ ቦግ ብሎ ይታያል፣ ወዲህ ማዶ ያለነው ልጆቻችንን ጃኬት አልብሰን እናስተኛለን።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ደወለች። “አሜሪካም መብራት ይጠፋል እንዴ?” ብላ ተገረመች። ወዲያው ግን ወደ ልጆቹ ሄደች። “ከሰል የለህም? ሳሎን አስገባና አሙቃቸው እንጂ!”

ከሰል ነበረኝ። ባለቤቴ በዓል ሲሆን ቡና የምታፈላበት ትንሽ የከሰል ምድጃ ጋራዥ ውስጥ አለ። አምጥቼ ሳሎን መሀል አስቀመጥኩት። ከሰሉን እየደረደርኩ ሳለ ባለቤቴ መጣች። እሷ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። እጄን ያዘችኝ።

“ተው። ይሄ ቤት አይተነፍስም” አለችኝ።

ይህን አባባሏን ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። የእናቴ ቤት ይተነፍሳል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ወፍ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማዕድ ቤቱ ለብቻው ደጅ ነው። የሳሎኑ በር እስኪመሽ ተከፍቶ ይውላል፤ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ነፋስም አብሮ ይገባል። የእኔ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የተሠራ ነው። በሩ ዙሪያውን ጎማ አለው። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። ለወጪ ቁጠባ የሚመሰገነው ይህ ጥብቅነት፣ እሳት ሲገባበት ወጥመድ ይሆናል።

አገር ቤት የተማርነው ሕግ አለ፤ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ጭሱ ሲያልቅ ፍሙ ይግባ። ሁላችንም በዚህ አድገናል። ግን ጭሱ ሲያልቅ የሚያልቀው ዓይን የሚያቃጥለው ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍም ያለማቋረጥ ይወጣል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይቀራል። “ከሰል መታኝ” የምንለው ይህንኑ ነው። አገር ቤትም በክረምት በሩን ዘግቶ ፍም አጠገቡ አድርጎ የተኛ የጠባብ ክፍል ተከራይ ሳይነጋለት የሚቀርበት ጊዜ አለ። እዚያ ብዙዎቻችንን ያተረፈን የቤቱ ቀዳዳ ነው።

በዚያ ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ ከ1,400 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። በአጠቃላይ ክፍለ ግዛቱ በይፋ የቆጠረው ሞት 246 ነው፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። ሂዩስተን ውስጥ በጋዙ ከሞቱት መካከል የኛው አገር ሰዎች ነበሩበት። መኪና ነው የተነሳው፣ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ። እናቴ ስልክ ላይ ሆና የመከረችኝም በፍቅር ነው፣ እነዚያም ቤተሰቦቻቸውን ሊያሞቁ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ “በትንሽ ገንዘብ ለብርዱ እንዴት እንዘጋጅ?” ለሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር ግዙ፤ ጋዙ ቤት ውስጥ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከ20 እስከ 30 ዶላር ቢያወጣ ነው። በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ስቀሉት። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይምጣ።

ጄኔሬተር ግዙ አልልም። ኪራይ ለሚከፍል፣ አገር ቤት ብር ለሚልክ ሰው ብዙ መቶ ዶላር ቀላል አይደለም። ያለው ሰው ደግሞ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ደጅ ያስነሳው፤ ጋራዥ በሩ ቢከፈትም ደጅ አይደለም። እኔ ከዲቴክተሩ ሌላ የገዛሁት ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ሁለት፣ አንድ ትልቅ ፓወር ባንክ፣ የውጭ ቧንቧ መሸፈኛና መስኮት ላይ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከ100 ዶላር ብዙም አልራቀ። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፤ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ ለአደጋ ጊዜ ዕቃዎች የሽያጭ ታክስ የማይከፈልባቸው ቀናት አሉ። ባትሪ፣ የእጅ ባትሪና ዲቴክተር ከ75 ዶላር በታች ከሆኑ ይካተታሉ።

የቀረው አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። ውሃ ለምሳሌ። አገር ቤት ጀሪካንና በርሜል ባዶውን አያድርም። እዚህ ግን ቧንቧው ሁሌ ይፈሳል ብለን ረስተነዋል። በዚያ ሳምንት የዳላስ አካባቢ ቤት ቧንቧው በየጣራው ሥር እየፈነዳ ኮርኒስ ወረደ፤ ቤቶቹ ለሞቃት አየር የተሠሩ ስለሆኑ ቧንቧው ማሞቂያ በማይደርስበት በኩል ነው የሚያልፈው። ብርድ ሲተነበይ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ቢያንስ የሦስት ቀን ውሃ አስቀምጡ። ባኞውንም ሙሉት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። ቧንቧውን በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ እደሩ። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ እወቁ፤ ሲፈነዳ መፈለጊያ ጊዜ የለም።

ምግብ ደግሞ ጓዳችን ውስጥ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም። በቀዝቃዛ ውሃ ጨብጣችሁ፣ ጨውና በርበሬ ጣል አድርጋችሁ ትበሉታላችሁ። ልጆቼ በዚያ ሳምንት ነው በሶ የለመዱት። ቆሎና ዳቦ ቆሎም አለ። ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ እንጀራውን አውጡና ፍሪዘሩን ዝጉት።

እኛ የሰኞንና የማክሰኞን ሌሊት ያደርነው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ትንሿን መኝታ ቤት መርጠን በሩን ከታች በፎጣ ደፈንን፣ ፍራሹን መሬት አወረድን፣ አራታችንም አንድ ላይ ተኛን። ከላይ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የእናቴ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ አየር ይይዛል። ከሱቅ ከገዛነው ሁሉ እሱ በለጠን።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ጎረቤት ነው። ኮልፌ መብራት ሲሄድ ሰው በር ላይ ይወጣል፤ “የእናንተም ጠፍቷል?” ይባባላል። ሻማ ያጣ ሻማ ይበደራል። እዚህ በስድስት ዓመት ውስጥ የጎረቤቴን ስም አላውቅም ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማክሰኞ ከሰዓት ነው ሄጄ ያንኳኳሁት፤ ካፖርት ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምን ያህል ሰዓት እንደዚያ እንደቆዩ አልጠየቅኩም። እኛ ጋ መጥተው አደሩ። ሰኞ ጠዋት መሄድ ነበረብኝ።

በቤተ ክርስቲያኑም፣ በመስጊዱም፣ በእድሩም ስልክ ዝርዝር ይኑረን የምለው ለዚህ ነው። በተለይ ለወላጆቻችን። ልጅ ለመጠየቅ፣ አራስ ለማረስ የመጡ እናቶች ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ። እንግሊዝኛውን አያውቁትም። ብርድ ሲመጣ የሚያውቁትን ነው የሚያደርጉት፤ ከሰል ያቀጣጥላሉ። የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀም ሰው ካለም አስቀድማችሁ ለመብራት መሥመሩ ኩባንያ በሐኪም ወረቀት አስመዝግቡ፤ መብራቱ እንዳይጠፋ ዋስትና ባይሆንም መመዝገቡ ይሻላል።

እናቴ ባለፈው ዓመት መጥታ ነበር። በመጣች በሦስተኛው ቀን ዲቴክተሩ ሥር አቆምኳትና የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫንኩት። ጮኸ። ጆሮዋን ያዘች። ደግሜ ተጫንኩት። “ይሄ ሲጮህ ምንም አትፈልጊ፣ ምንም አትክፈቺ። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ” አልኳት። “ጭስ ባይኖርም?” አለች። “ጭስ ባይኖርም” አልኳት። ወረቀት አምጣና ጻፍልኝ አለችኝ። በትልልቁ ጻፍኩላት፦ ሲጮህ — ልጆቹን ይዞ ደጅ — 911። ራሷ ናት ዲቴክተሩ ሥር የለጠፈችው።

ሰኔ ላይ አገሯ ተመለሰች። ወረቀቱን አላነሳነውም።